መብራት ሲጠፋ የተበላሸው ዚፕ፦ በፓይተን ማህደር ስለመሥራት ለደሴ የተጻፈ ምላሽ

ጥያቄው የመጣው ከደሴ ነው። ጠያቂዋ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር በወሎ ገጠር እየዞረች የአዛውንቶችን መንዙማ፣ ተረትና የሠርግ ጨዋታ ትቀዳለች። በእጅ የተጻፉ የአጀሚ ደብተሮችንም፣ ማለትም የአገር ቋንቋ በዓረብኛ ፊደል የተጻፈባቸውን፣ ፎቶ ታነሳለች። ማታ ማታ የቀኑን ሥራ ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ዚፕ ታደርገዋለች፤ ማለትም ፋይሎቹን አንድ ማህደር ውስጥ ትጠቀልላቸዋለች። የጻፈችው ባጭሩ ይኸው፦

«ኮዴ ዚፕፋይል በሚባለው የፓይተን ሞጁል ማህደሩን በመጨመሪያው ሞድ፣ በ‹ኤ›፣ ይከፍትና የቀኑን ፋይሎች በአንዱ ማህደር ላይ ይጨምራል። ሦስት ወር ያለ ችግር ሠርቷል። ባለፈው ሳምንት እየጨመረ ሳለ መብራት ጠፋ። የላፕቶፔ ባትሪ ስለደከመ እሱም አብሮ ጠፋ። በማግስቱ ኮዱን ሳስነሳው ምንም ኤረር አላሳየም። ዚፑን ስከፍተው ግን የአንድ ቀን ፋይል ብቻ ነው ያለው። የማህደሩ መጠን ደግሞ አልቀነሰም። ከዚህ ሌላ፣ ዚፕ ሳደርገው መጠኑ ምንም አይቀንስም። ሲከፈትም ፎልደር በፎልደር ውስጥ ሆኖ እስከ ኮምፒውተር ስሜ ድረስ ይዘረዝራል። ለጓደኛዬ ወደ አዲስ አበባ በቴሌግራም መላክም አቅቶኛል። ከየት ልጀምር?»

አብሽሪ እህቴ። የሦስት ወሩ ሥራሽ ከሞላ ጎደል ሁሉም እዚያው ፋይል ውስጥ አለ። መጠኑ አለመቀነሱ ራሱ ምስክር ነው።

ከሁሉ በፊት ግን ኮዱን አቁሚው። ዛሬ ማታም አታስነሺው። ያንን ማህደር እንዳለ ወደ ሌላ ዲስክ ገልብጪው። ከዚህ በኋላ የምንነካካው ቅጂውን ብቻ ነው። ስልኩና መቅጃው ላይ የቀረ ነገር ካለም እንዳይሰረዝ ለጓደኞችሽ ንገሪያቸው። እነዚህን አድርገሽ ስትጨርሺ ተመለሽና የቀረውን አንብቢ።

አንድ ነገር ልበል። የፓይተኑን ትእዛዞች ስም እንደሚነበቡ አድርጌ በፊደላችን ነው የምጽፋቸው። ኮዱ ላይ ስትጽፊያቸው የምታውቂውን የላቲን አጻጻፍ ተጠቀሚ።

አሁን ምን እንደተፈጠረ ላስረዳሽ። ዚፕ ማለት ደሴ መናኸሪያ ላይ የሚጫን አይሱዙ በይው። እያንዳንዱ ጆንያ ሲጫን አንገቱ ላይ ቁራጭ ወረቀት ይታሰርለታል። ወረቀቱ ላይ የጆንያው ስምና ክብደት አለ። ጭነቱ ሁሉ ካለቀ በኋላ ረዳቱ ቁጭ ብሎ አጠቃላይ ዝርዝር ይጽፋል። የትኛው ጆንያ የት ቦታ እንዳለ የሚናገረው ያ ዝርዝር ነው። ዚፕም እንዲሁ ነው። ከእያንዳንዱ ፋይል ፊት አጭር መግለጫ ይጻፋል። ማህደሩ ሲዘጋ ደግሞ መጨረሻው ላይ ማውጫው ይጻፋል። ዊንዶውስም ሆነ ፓይተን ዚፕ ሲከፍቱ መጀመሪያ የሚሄዱት ወደ ፋይሉ ጭራ ነው። ማውጫውን ካላገኙ ማህደሩን አያውቁትም።

በ«ኤ» ስትከፍቺው ምን ይሆናል? አዲሱ ፋይል የሚገባበት ቦታ ያስፈልጋል። ቦታው ደግሞ ከመጨረሻው ጆንያ ቀጥሎ ነው፤ ማለትም አሮጌው ማውጫ የተቀመጠበት። ስለዚህ ፓይተን አሮጌውን ማውጫ በማስታወሻው ይይዝና አዲሱን ፋይል በላዩ ላይ ይጽፍበታል። አዲሱ ማውጫ የሚጻፈው በመዝጊያው ሰዓት ነው። በመካከሉ መብራት ከጠፋ አሮጌው ማውጫ ተደምስሷል፣ አዲሱም አልተጻፈም። የዛሬውን ለመጨመር ስትይ የሦስት ወሩን መክፈቻ አጣሽው ማለት ነው።

የማግስቱ ነገር ደግሞ ይበልጥ የሚያሳስት ነው። ፓይተን በ«ኤ» የተከፈተው ፋይል ዚፕ ካልመሰለው አይጮህም። «ዚፕ ያልሆነ ፋይል ነው» ብሎ ጫፉ ላይ አዲስ ዚፕ ይለጥፋል። ይህ ስህተት አይደለም፤ በፓይተን መመሪያ ላይም ተጽፏል። ከሌላ ፋይል ጫፍ ላይ ዚፕ መለጠፍ ለሚፈልግ ሰው የተተወ በር ነው። ላንቺ ግን አንድ ቀን ብቻ የያዘ ማውጫ ሰጠሽ። የሦስት ወሩ ከፊቱ ዝም ብሎ ተኝቷል። ለዚህ ነው መጠኑ ያልቀነሰው።

እኔም ላይ ይኸው ደርሷል። ከዓመታት በፊት ለአንድ መሥሪያ ቤት የሰነድ መጠባበቂያ ስሠራ በዚሁ ሞድ ነበር የምጨምረው። መብራት ጠፋ፣ ማህደሩ አልከፈት አለ። ጭራሽ የሞተ መስሎኝ ደለትኩት። ዕቃው ውስጡ እንደነበረ ያወቅሁት በኋላ ነው። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ላንቺም እንዲህ አርዝሜ የምጽፈው ለዚያ ነው።

ማዳኛው ሁለት መንገድ አለው። ቀላሉ በሊኑክስ ላይ ያለው «ዚፕ» የሚባለው ትእዛዝ ነው። ሰረዝ ኤፍ ኤፍ የሚል አማራጭ አለው፤ ሁለቱም ኤፍ በትልቁ ይጻፋሉ። የተበላሸውን ቅጂ ትሰጪዋለሽ፣ የአዲሱን ማህደር ስም ደግሞ በ«አውት» አማራጭ ትነግሪዋለሽ። እሱ ማውጫውን ትቶ ጆንያ በጆንያ እያየ አዲስ ማውጫ ይሠራል። ላፕቶፕሽ ዊንዶውስ ከሆነ ሊኑክስ ያለው ጓደኛ ፈልጊ፤ የወሎ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዎች ጋ አይጠፋም።

ይህ ካልሠራ በራስሽ ፓይተን ማውጣት ትችያለሽ። እዚህ ላይ ደግሞ ያማረርሽበት ነገር ይጠቅምሻል። መጠኑ አልቀንስ ያለሽ ኮድሽ ፋይሎቹን ሳይጨምቅ ስለሚያስገባቸው ነው። እንግዲያው የቀዳሽው ድምፅ ዚፑ ውስጥ ባይት በባይት እንዳለ ተቀምጧል። መጭመቂያውን መፍታት እንኳን አያስፈልግሽም፤ ቆርጠሽ ማውጣት ብቻ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ቅጂውን በባይት ንባብ ክፈቺ። አራት ባይት ፈልጊ፦ ፒ፣ ኬ፣ ከዚያ ዋጋው 3 የሆነ ባይት፣ ከዚያ ዋጋው 4 የሆነ ባይት። ፒ እና ኬ ይህን ፎርማት በ1989 እንደ ፈረንጆቹ ያወጣው የፊል ካትዝ ስም መነሻ ፊደላት ናቸው። ከእነዚህ አራት ባይቶች ጀምሮ 30 ባይት የሚሆነው የጆንያው ወረቀት ነው። ከዜሮ ስትቆጥሪ 8ኛው ላይ የመጭመቂያው ዓይነት አለ፤ ዜሮ ከሆነ አልተጨመቀም። 18ኛው ላይ በ4 ባይት የፋይሉ መጠን አለ። 26ኛው ላይ በ2 ባይት የስሙ ርዝመት፣ 28ኛው ላይ በ2 ባይት የተጨማሪ መረጃው ርዝመት አለ። ቁጥሮቹ ሁሉ ትንሹ ባይት ቀድሞ የሚጻፍባቸው ናቸው፤ ስትራክት በሚባለው ሞጁል ስታነቢያቸው ይህን አትርሺ። ከ30ው ባይት ቀጥሎ ስሙ ይመጣል፣ ከዚያ ተጨማሪው መረጃ፣ ከዚያ ፋይሉ ራሱ። በመጠኑ ልክ ቆርጠሽ በስሙ አስቀምጪ። ከዚያ ከቆረጥሽበት ጫፍ ተነስተሽ ቀጣዩን ፒ ኬ ፈልጊ። ድምፁ ውስጥ በአጋጣሚ እነዚህ አራት ባይቶች ሊገኙ ስለሚችሉ፣ መጠኑን ዘለሽ መሄድሽ የውሸት ጆንያ እንዳታወጪ ይረዳሻል።

14ኛው ላይ ደግሞ ሲአርሲ 32 የሚባል የማረጋገጫ ቁጥር አለ። ዝሊብ በሚባለው ሞጁል ያወጣሽውን ፋይል አስልተሽ አስተያዪው። ከተመሳሰለ ፋይሉ ደህና ነው። አሮጌዎቹ ሁሉ መመሳሰል አለባቸው፤ ማንም አልነካቸውማ። መብራት ሲጠፋ በመጻፍ ላይ የነበረው አንዱ ፋይል ግን መዳኑን እጠራጠራለሁ። የፋይሉ መጠን ወረቀቱ ላይ የሚታረመው ፋይሉ ገብቶ ካለቀ በኋላ ነው። እሱን ከመቅጃው ላይ ፈልጊው።

ከዚህ በኋላ እንዴት ትሥሪ? ፍርዴን ልንገርሽ፦ አንዱን ማህደር እየከፈቱ መጨመር ይቅር። ለየቀኑ አዲስ ማህደር ይሁን። በተለመደው የመጻፊያ ሞድ፣ በ«ደብሊው»፣ ሳይሆን «ኤክስ» በሚባለው ሞድ ብትከፍቺው ደግሞ ይሻላል፤ በዚያ ስም ፋይል ካለ እምቢ ይላል እንጂ አይደመስስም። ትናንት የተዘጋ ማህደር ዛሬ በምንም ምክንያት አይከፈት ለመጻፍ።

ሲጻፍም በእውነተኛ ስሙ አይጻፍ። መጀመሪያ ጫፉ ላይ «ያላለቀ» የሚል ቃል ባለው ስም ይጻፍ። ከዚያ ይዘጋ። ከዚያ ይፈተሽ። ሁሉም ደህና ሲሆን ብቻ በኦኤስ ሞጁል ውስጥ ባለው ሪፕሌስ ወደ ትክክለኛው ስሙ ይቀየር። ስም መቀየር በአንድ ዲስክ ላይ ቅጽበታዊ ነገር ነው፤ ወይ ይሆናል ወይ አይሆንም፣ ግማሽ የለውም። ስለዚህ ያላለቀው ፋይል ከመድረሻው ጋር አንድ ፎልደር ውስጥ ይሁን። የኮምፒውተሩ ጊዜያዊ ፎልደር ውስጥ አድርገሽ በኋላ ወደ ሌላ ዲስክ ብታዛውሪው ቅጽበታዊነቱ ይቀራል። መብራት ጠፍቶ ስትመለሺ «ያላለቀ» የሚል ፋይል ካየሽ ደልተሽ እንደገና ማስነሳት ነው። ሌላው ሁሉ አይነካም።

አከፋፈቱ ላይ «ዊዝ» የሚለውን ተጠቀሚ። እሱ ማህደሩ መዘጋቱን ያረጋግጥልሻል። ክሎዝ ሳትይ ከቀረሽ ማውጫው በጊዜው አይጻፍም። ግን ዊዝም የራሱ ወጥመድ አለው። በመሀል አንድ ፋይል ጠፍቶ ኤረር ቢነሳ፣ ዊዝ ሲወጣ ማህደሩን በሥርዓት ይዘጋዋል። ውጤቱ የሚከፈት፣ ምንም የማይጎድለው የሚመስል፣ ግን ግማሽ ፋይል ብቻ ያለው ዚፕ ነው። ኤረሩን በትራይ ውጠሽ ካለፍሽው ማንም አያውቅም። ስለዚህ ስም ከመቀየርሽ በፊት ኔምሊስት የሚዘረዝራቸውን የማህደሩን ስሞች ብዛት ፎልደሩ ውስጥ ካሉት ፋይሎች ብዛት ጋር አስተያዪ። ካልገጠመ አትቀይሪ።

ፍተሻው ቴስትዚፕ ይባላል። እያንዳንዱን ፋይል አንብቦ ሲአርሲውን ያስተያያል። የተበላሸ ካገኘ የመጀመሪያውን ስም ይነግርሻል። ሁሉም ደህና ከሆነ «ነን» ይመልሳል። ጊዜ ይወስዳል፤ ለቀኑ ሥራ ግን ቡና እስኪፈላ ያልቃል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። ልክ ጽፈሽ እንደጨረስሽ ብትፈትሺው የሚነበበው ከዲስኩ ላይሆን ይችላል። ኮምፒውተሩ አሁን የጻፍሽውን ገና ሜሞሪ ላይ ይዞታል፤ ከዚያ ነው የሚያነብልሽ። ዲስኩ ላይ ሳይደርስ መብራት ቢጠፋ ፍተሻው ዋጋ የለውም። መፍትሔው ፋይሉን ራስሽ በባይት መጻፊያ ከፍተሽ ለዚፕፋይል መስጠት ነው። ዚፑ ሲዘጋ ፋይሉን ፍላሽ አድርጊ፣ ከዚያ በኦኤስ ውስጥ ያለውን ኤፍሲንክ ጥሪ። ኤፍሲንክ ያለሽ በሙሉ ዲስክ ላይ እስኪያርፍ ይጠብቃል። ለፍላሽ ዲስክ ደግሞ እኔ የማደርገው ይህን ነው፦ እገለብጣለሁ፣ በሥርዓት አስወጥቼ እነቅለዋለሁ፣ እንደገና እሰካዋለሁ፣ ከዚያ ቴስትዚፕ አደርጋለሁ። ያኔ የሚነበበው እውነት ከፍላሹ ነው።

ወደ መጠኑ እንምጣ። ዚፕፋይል ምንም ካልነገርሽው አይጨምቅም። ነባሪው ዚፕ ስቶርድ ነው፤ መጠቅለል ብቻ። እንዲጨምቅ ኮምፕሬሽን የሚለውን ዚፕ ዲፍሌትድ አድርጊው። ሹቲል ውስጥ ያለው ሜክ አርካይቭ ግን በራሱ ይጨምቃል። ለዚህ ነው አንዱ ሰው «ፓይተን ዚፕ ይቀንሳል»፣ ሌላው «አይቀንስም» የሚለው።

ግን ብትጨምቂውም ብዙ አትጠብቂ። የስልክ ቅጂሽ ኤምፒ3 ወይም ኤም4ኤ ከሆነ አስቀድሞ ተጨምቋል። የአጀሚው ደብተር ፎቶም ጄፔግ ስለሆነ እንዲሁ። የተጨመቀን መልሶ መጭመቅ ሰዓት ማባከን ነው። የሚቀንሰው ጽሑፍ ነው። አማርኛ ዩቲኤፍ 8 በሚባለው ፊደልን በባይት የመጻፊያ ስልት ሲጻፍ እያንዳንዱ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል፤ የመጀመሪያው ባይት ደግሞ ለተለመዱት ፊደሎቻችን ሁሉ አንድ ነው። ይህ ድግግሞሽ ለዲፍሌት ሲሳይ ነው። የመንዙማውን ግጥም በጽሑፍ ስትገለብጪው ያ ፋይል በጣም ይቀንሳል። ዶክኤክስ ከሆነ ግን አይቀንስም፤ የወርድ ፋይል ራሱ ዚፕ ነውና። ካላመንሽ አንዱን ገልብጠሽ ጫፉን ዚፕ ብለሽ ክፈቺው።

ስለ መቅጃው ድምፅ ለብቻው ላውራ። ዌቭ ፋይል በ44,100 ናሙና፣ በ16 ቢት፣ በስቴሪዮ ከተቀዳ ደቂቃው 10.6 ሜጋባይት ገደማ ነው። ሰዓቱ ወደ 635 ሜጋባይት ይደርሳል። ዲፍሌት ለድምፅ ሞገድ የተሠራ ስላልሆነ ጥቂት ነው የሚቀንሰው። ፍላክ የሚባለው ግን ለድምፅ የተሠራ ነው። አንድም ነገር ሳይጥል ብዙውን ጊዜ ወደ ግማሽ ያወርደዋል። ለአዛውንቶች ቅጂ ኤምፒ3 አልመክርሽም። ኤምፒ3 «ጆሮ አይሰማውም» ያለውን ይጥላል፤ የተጣለው አይመለስም። እነዚህን ድምፆች ነገ ማን ምን ብሎ እንደሚያጠናቸው አናውቅም። አንድ ሰው በአንድ ማይክ ሲናገር ግን ሞኖ ይበቃል፤ መጠኑ በግማሽ ይወርዳል። ስለዚህ ድምፁን ፍላክ አድርጊ፣ ከዚያ ዚፕ ውስጥ ሳትጨምቂ አስገቢ። ራይት የሚለው ትእዛዝ ለእያንዳንዱ ፋይል የመጭመቂያ ዓይነት ይቀበላል። ለጽሑፍ ዲፍሌትድ፣ ለድምፅና ለፎቶ ስቶርድ በይው። ያልተጨመቀ ፋይል ከተበላሸ ማህደር እንዴት እንደሚወጣ አሁን አይተሻል።

ኤልዜድኤምኤ እና ቢዚፕ2 የሚባሉ ሌሎች መጭመቂያዎችም አሉ። ይበልጥ ይቀንሳሉ። ግን አንዳንድ ኮምፒውተር ላይ አይከፈቱም። ተያቸው።

ፎልደር በፎልደር የሆነብሽ አርክኔም፣ ማለትም ፋይሉ ዚፑ ውስጥ የሚይዘውን ስም፣ ስላልሰጠሽ ነው። ራይት ሙሉውን አድራሻ ካገኘ፣ የዲስኩን ምልክትና የፊተኛውን ስላሽ ብቻ ቆርጦ ሌላውን እንዳለ ያስገባዋል። ፓዝሊብ የሚባለውን የፋይል አድራሻ ሞጁል ተጠቀሚ። የቀኑን ፎልደር ሥር አድርጊው። አርግሎብ በኮከብ ምልክት ውስጡን ሁሉ ያመጣልሻል። ለእያንዳንዱ ፋይል ሪላቲቭ ቱ ብለሽ ከሥሩ ወዲህ ያለውን አድራሻ አርክኔም አድርገሽ ስጪው። የሚጻፈው ዚፕ ግን ያው ፎልደር ውስጥ እንዳይሆን። ማህደሩ ራሱን መዋጥ ይጀምራል።

የአማርኛ ስም ያስፈራሻል? አያስፈራሽ። የፋይሉ ስም ከላቲን ፊደል ውጪ ሲሆን ፓይተን በዩቲኤፍ 8 ይጽፈውና ይህንኑ የሚናገር ምልክት ወረቀቱ ላይ ያደርጋል። አብዛኛው ዘመናዊ ፕሮግራም ምልክቱን ያነባል። የሚያስቸግረው የስሙ ርዝመት ነው። ብዙ ሊኑክስ ላይ ያለው ኤክስት4 የሚባለው የዲስክ አደረጃጀት ለአንድ ፋይል ስም የሚፈቅደው 255 ባይት ነው። ለላቲን 255 ፊደል ይሆናል። ለእኛ በ3 ሲካፈል 85 ፊደል ብቻ ነው። የሰውየውን ስም፣ ቀበሌውን፣ የመንዙማውን መነሻና ቀኑን አንድ ስም ላይ ካሰለፍሽ 85 ቶሎ ይሞላል። ዊንዶውስ ላይ ያለ ችግር ይሠራል፣ ሊኑክስ ላይ ሲፈታ ይቆማል። ስሙን አሳጥሪ። ዝርዝሩን አንድ የማውጫ ጽሑፍ ውስጥ አድርገሽ አብሮ ይግባ። ማውጫውን በሲኤስቪ ካደረግሽና በኤክሴል የሚከፍት ካለ፣ ኢንኮዲንጉን «ዩቲኤፍ 8 ሲግ» በይው። አለዚያ ኤክሴል ፊደሉን ያበላሸዋል።

ሌላው የፊደሎቻችን መንታነት ነው። አንቺ «ሐይቅ» ብለሽ ትጽፊያለሽ፣ ጓደኛሽ «ሀይቅ» ትላለች። ለሰው አንድ ከተማ ነው። ለኮምፒውተር ሁለት ፎልደር ነው። ወረኢሉም ተያይዞና ተለያይቶ ይጻፋል። ሦስታችሁ ቁጭ በሉና የቦታዎቹን ስም አጻጻፍ ወስኑ። አምባሰል፣ ተንታ፣ ቃሉ፣ ወረባቦ እያላችሁ ዝርዝር ሥሩ። ኮዱ ከዚያ ዝርዝር ውጪ ያለ ስም ሲያይ ይቁም። የአጻጻፍ ልዩነት ዛሬ በአንድ ሻይ ይፈታል። ከሁለት ዓመት በኋላ ግን ሺህ ፋይል ማገላበጥ ነው።

ለቀን አጻጻፍ ዓመት፣ ወር፣ ቀን ይቅደም፤ ወሩና ቀኑ ሁለት ሁለት አኃዝ ይኑራቸው። በኛ አቆጣጠር ከሆነ ጳጉሜን 13 በያት። ጽሑፍ ሆና ችግር የለባትም። የፓይተኑ ዴትታይም ግን 13ኛ ወር አያውቅም፣ ወደ እሱ አታስገቢያት። ዚፕ ራሱ ደግሞ ከ1980 በፊት ያለ ቀን አይቀበልም፤ እንደ ፈረንጆቹ ነው። አንዳንድ ፋይል ከስልክ ሲገለበጥ 1970 የሚል ቀን ይዞ ይመጣል። ያኔ ፓይተን ኤረር ያነሳል። ስትሪክት ታይምስታምፕስ የሚለውን ፎልስ ብትይው ቀኑን 1980 አድርጎ ያልፈዋል። እውነተኛው ቀን ፎልደሩ ስም ላይ ስላለ አትጎጂም።

ቴሌግራም ያስቸገረሽ በመጠኑ ነው። ያለ ክፍያ የሚልከው አንድ ፋይል እስከ 2 ጊጋባይት ነው። በቦት ለመላክ ካሰብሽ ገደቡ 50 ሜጋባይት ይሆናል። የፍላሽ ዲስክሽም አደረጃጀት ፋት32 የሚባለው ከሆነ 4 ጊጋባይት የሞላ አንድ ፋይል አይይዝም። ፓይተን አንድን ዚፕ ቁርጥራጭ አድርጎ መጻፍ አይችልም። ቢችልም አልመክርሽም ነበር። የተቆራረጠ ዚፕ አንዱ ቁራጭ ከጠፋ ሌላውም ይቸገራል። ይልቅ ፋይሎቹን መጠናቸውን እየደመርሽ አስገቢ፤ 1.8 ጊጋባይት ሊያልፍ ሲል ያንን ማህደር ዝጊና ቀጣዩን ክፈቺ። እያንዳንዱ ለብቻው የሚከፈት ይሆናል። ፎቶዎቹንም በምስልነት አትላኪ፤ ቴሌግራም ጥራታቸውን ይቀንሳል። በዚፕ ሲሄዱ አይነኩም። ከማህደሩ ጋር ሻ 256 የሚባለውን የማረጋገጫ ቁጥሩን በመልእክት ላኪላት። ሃሽሊብ ያሰላዋል። ጓደኛሽ ስታወርደው አስልታ ታስተያያለች። ከገጠመ ፋይሉ ባንቺ እጅ ያለው ራሱ ነው።

አንዳንድ አዛውንት «ይህ ከቤታችን አይውጣ» ብለው የሰጧችሁ ካለ በፓስወርድ መዝጋት ይገባል። እዚህ ላይ የፓይተኑ ዚፕፋይል አያግዝሽም። በአሮጌው መንገድ በፓስወርድ የተዘጋ ዚፕ መክፈት እንጂ መሥራት አይችልም። ሰቨን ዚፕ በሚባለው ፕሮግራም፣ ኤኢኤስ 256 በሚባለው የመቆለፊያ ስልት ዝጊው። ዚፕ በዚህ መንገድ ሲዘጋም የፋይሎቹ ስም ይታያል። ስሙም እንዲደበቅ ከፈለግሽ የራሱን የሰቨን ዜድ ፎርማት ምረጪ፤ ስም መደበቂያ አማራጭ አለው። አሮጌውን የዚፕ ፓስወርድ አትመኚ፤ ደካማ ነው።

«ታር ጂዚ» የሚባለው ሌላው የማህደር ዓይነትስ ብለሽ ትጠይቂኝ ይሆናል። ታር ሁሉንም አንድ ላይ አድርጎ ነው የሚጨምቀው። ለብዙ ትንንሽ ጽሑፎች የተሻለ ይቀንሳል። ግን መሀሉ ከተጎዳ ከዚያ በኋላ ያለውን ማውጣት ይከብዳል። አንዱን ፋይል ብቻ ለማየትም ከመጀመሪያው መፍታት አለብሽ። ላንቺ ሥራ ዚፕ ይሻላል።

አሁን ወደ ቅጂው ተመለሺ። ማዳኛውን ኮድ ከመጀመሪያው ባይት አስነሺው። ማህደሩ የተጻፈው በጨመርሽበት ቅደም ተከተል ነው፤ ስለዚህ መጀመሪያ የሚወጣልሽ ከሦስት ወር በፊት፣ በመጀመሪያው ቀን የቀዳሽው ድምፅ ነው። እሱን ከፍተሽ ስሚው። ከተሰማ ኮዱን እስከ መጨረሻው ልቀቂው።